የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፦ በትንሽ ብር ዴስክቶፕ ለምትገጣጥሙ

ደረሰኙ ግርጌ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» ይላል። ስገዛ አላነበብኩትም። ያነበብኩት በማግስቱ ነው፤ አይ5-8400 ፕሮሰሰሬ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ኤች110 ማዘርቦርዴ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ እንደ እጅና ጓንት ገጥሞ፣ ፋኑ እየዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ካደረ በኋላ።

ሁለቱም ሶኬታቸው፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ኤልጂኤ 1151 ነው። ሻጩም ያለኝ ይህንኑ ነበር። «ሶኬቱ አንድ ነው፣ ይሠራል ባክህ!» ዋሸኝ ማለት አልችልም፣ ሶኬቱ በእርግጥ አንድ ነው። ኤች110 ግን የተሠራው ለ6ኛ እና ለ7ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። የኔ ፕሮሰሰር 8ኛ ነው። ስለዚህ ይገጥማል፣ አይሠራም። ተመልሼ ስሄድ ሻጩ በጣቱ ደረሰኙን አሳየኝ።

ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩት ፈረንጆች «ካልሠራ መልሱት» ይላሉ። እኛ ጋ መመለስ የለም። የተሳሳተ ዕቃ ከገዛችሁ የሚጠብቃችሁ ቴሌግራም ላይ በግማሽ ዋጋ መሸጥ ወይም ቁም ሳጥን ላይ ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር መግጠም ማለት ዘጠና በመቶው ብር ከኪሳችሁ ሳይወጣ በወረቀት ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው። ብሎን ማሰር ማንም ይችላል።

ዋጋ አልጽፍላችሁም። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ከዶላር ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ራም በዓለም ገበያ ተሰቅሏል። ዛሬ የጻፍኩት ሳምንት ሳይሞላው ያስቅብኛል። ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቁ። ፒያሳ የማውቃቸው ሱቆች ሰፈሩ ሲፈርስ ተበታትነዋል፣ አንዳንዱ ቦሌ፣ አንዳንዱ መርካቶ፣ አንዳንዱ የት እንደገባ እንጃ፤ ስለዚህ ታክሲ ከመያዛችሁ በፊት ደውሉ።

መጀመሪያ ግን ለምን?

ለወርድ፣ ለኤክሴል፣ ለፊልምና ለልጆች ትምህርት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አትገጣጥሙ። ከውጭ አገር ቢሮዎች ወጥቶ የሚመጣ ያገለገለ ብራንድ ዴስክቶፕ ግዙ፤ ዴል፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮ። ከምትገጣጥሙት ይረክሳል፣ ሁሉ ነገሩም ተስማምቶ የመጣ ነው። መግጠም የሚያዋጣው ጌም ለሚጫወት፣ ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ አውቶካድ ለሚሠራ፣ ወይም ዛሬ ትንሽ ገዝቶ የዛሬ ዓመት ሊጨምርበት ላሰበ ሰው ነው።

ብራንዱን ገዝቼ በኋላ ግራፊክስ ካርድ እጨምርበታለሁ ለምትሉ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙዎቹ የኃይል ማያያዣቸው የራሳቸው ነው። ገበያ ላይ ያለው ፓወር ሰፕላይ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው ገመድ 24 ፒን ነው፤ የእነሱ 6 ወይም 8 ፒን ሆኖ ይገኛል። ቀጫጭኖቹ ደግሞ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አያስገቡም። ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን አስከፍታችሁ ፎቶ አንሱ።

ሦስቱ ጉልቻ

ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም። ድስቱ የሚጣደው በነዚህ ላይ ነው። አንዱ ካልተስተካከለ ወጡ ይደፋል። ስለዚህ ሦስቱን በአንድ ቀን፣ ቢቻል ከአንድ ሱቅ፣ እዚያው ገጥመው እንዲያበሩላችሁ ተስማምታችሁ ግዙ። «ራም በቅናሽ አገኘሁ፣ ሌላውን ቀስ ብዬ» የሚል ሰው ብዙ አውቃለሁ፤ ራሙ መሳቢያ ውስጥ ነው።

የኢንቴልን ቁጥር ማንበብ ቀላል ነው። አይ5-8400 ላይ ከሰረዟ ቀጥሎ ያለው 8 ጀነሬሽኑ ነው። አምስት አሃዝ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውሰዱ፤ አይ5-12400 ማለት 12ኛ ጀነሬሽን ነው። «አይ7 ነው» ብሎ ዝም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ «ስንተኛ ጀነሬሽን?» በሉት። የ4ኛ ጀነሬሽን አይ7 በ12ኛ ጀነሬሽን አይ3 ይበለጣል። ሰው ግን 7 ከ3 ይበልጣል ብሎ ብሩን ይቆጥራል።

እንግዲህ ማን ከማን ጋር ይሄዳል? 4ኛ ጀነሬሽን ሶኬቱ ኤልጂኤ 1150 ነው፣ ቦርዱ ኤች81 ወይም ቢ85፣ ራሙ ዲዲአር 3። 6ኛ እና 7ኛ ኤልጂኤ 1151 ናቸው፣ ቦርዳቸው ኤች110፣ ቢ150፣ ቢ250፤ ራማቸው በአብዛኛው ዲዲአር 4 ነው። 8ኛ እና 9ኛም ኤልጂኤ 1151 ናቸው፣ ግን ቦርዳቸው ኤች310፣ ቢ360፣ ቢ365 ነው። እኔ የወደቅሁት እዚህች ጉድጓድ ውስጥ ነው። ፒያሳም መርካቶም ቦሌም ብትሄዱ ከተደረደሩት ያገለገሉ ቦርዶች መካከል ኤች110 አይጠፋም፣ ዋጋውም ስለሚያጓጓ ብዙ ሰው እየገባባት ነው። ሻጩ «1151 ነው» ካላችሁ አልበቃችሁም። ቺፕሴቱን፣ ማለትም ኤች110 ወይም ኤች310 የሚለውን የቦርዱን ዓይነት፣ ጠይቁት፤ ስሙ ቦርዱ ላይ በጉልህ ታትሟል፣ በአይናችሁ እዩት።

10ኛ እና 11ኛ ኤልጂኤ 1200 ናቸው። እዚህም ወጥመድ አለ፦ ኤች410 እና ቢ460 ለ10ኛ ናቸው፣ 11ኛውን በአብዛኛው አይቀበሉም። ኤች510 እና ቢ560 ሁለቱንም ይቀበላሉ። 12ኛ፣ 13ኛ እና 14ኛ ኤልጂኤ 1700 ናቸው፣ ቦርዳቸው ኤች610፣ ቢ660፣ ቢ760። እነዚህ ላይ ሶኬቱ ሳይሆን ራሙ ነው የሚያሳስተው። አንዱ ቢ660 ዲዲአር 4 ይወስዳል፣ ሌላው ቢ660 ዲዲአር 5 ይወስዳል፣ ሁለቱንም የሚወስድ አታገኙም ማለት ይቻላል። ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት።

ኤኤምዲ (የኢንቴል ተፎካካሪ፣ ራይዘን የሚባሉት ፕሮሰሰሮች ሠሪ) ከፈለጋችሁ ለትንሽ በጀት ነገሩ ቀለል ይላል። ኤኤም 4 የሚባለው ሶኬት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ነበር፣ ከራይዘን 1000 እስከ ራይዘን 5000 ድረስ ይሄዳል፣ ራሙ ሁሌም ዲዲአር 4 ነው። ኤኤም 5 እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣ ነው፣ ዲዲአር 5 ብቻ ይቀበላል፤ ለጊዜው ለኛ ኪስ አይሆንም፣ እንለፈው።

ኤኤም 4 ላይ ያለው ችግር ባዮስ ነው፣ ማለትም ቦርዱ ውስጥ ያለው ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም። ቢ450 ቦርዶች እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ ናቸው። ራይዘን 5000 የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሱቅ ውስጥ አቧራ ጠጥቶ የከረመ ቢ450፣ ካርቶኑ እንኳ ሳይከፈት፣ አዲሱን ፕሮሰሰር ላያውቀው ይችላል፤ ባዮሱ መታደስ አለበት፣ ለማደስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው አሮጌ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል። አሮጌ ፕሮሰሰር ከየት ታመጣላችሁ? ስለዚህ ወይ ሱቁ አድሶ በርቶ ያሳያችሁ፣ ወይ ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ማደሻ ቁልፍ ያለው ቦርድ ፈልጉ፣ ወይ ካርቶኑ ላይ ለራይዘን 5000 ዝግጁ ነው የሚል ምልክት ያለበትን ውሰዱ። «ቤት ገብተህ ታድሰዋለህ» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ፈገግ ብላችሁ ውጡ።

ከቁጥሩ መጨረሻ ያለችዋን ፊደል አትናቋት

አይ5-9400 እና አይ5-9400ኤፍ አንድ አይደሉም። ኤፍ ያለው ውስጡ ወደ ስክሪን ምስል የሚያወጣ ግራፊክስ የለውም። ያለ ግራፊክስ ካርድ ኤችዲኤምአይ ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ብትሰኩ ምንም አይመጣም፣ ብልሽት መስሏችሁ ሌሊቱን ታነጋላችሁ። ኤፍ ስለሚረክስ ደግሞ ሻጮች ይወዱታል። ግራፊክስ ካርድ አሁኑኑ የምትገዙ ከሆነ ኤፍ ጥሩ ነው። «በኋላ» ከሆነ ግን አትንኩት።

ራይዘን ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እስከ 5000 ድረስ ግራፊክስ ያለው ጂ የተጻፈበት ብቻ ነው። 5600 የለውም፣ 5600ጂ አለው። ኬ የሚለው የኢንቴል ፊደል ደግሞ ፍጥነቱን ከፍ ለማድረግ የሚከፈል ነው፤ ቺፕሴቱ በዜድ የሚጀምር ቦርድ ይፈልጋል፣ ከካርቶኑ ጋር ፋን አይመጣም። ይቅርባችሁ።

ያገለገለ ስትገዙ ፒኑን እዩ። የኢንቴል ፒኖች ማዘርቦርዱ ሶኬት ውስጥ ናቸው፣ የኤኤም 4 ፒኖች ፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ። ከሺህ በላይ ናቸው፣ በአይን ብቻ አይታዩም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ የስልኬን ባትሪ አብርቼ ብርሃኑን በጎን እሰጠዋለሁ፣ ካሜራውን አቅርቤ ፎቶ አነሳለሁ፣ ከዚያ ፎቶውን በሁለት ጣት አሰፋለሁ። ደህና ሶኬት እንደ ጤፍ ማሳ አንድ ወገን ተኝቶ ያብለጨልጫል። አንድ የተጣመመ ፒን ካለ ብርሃኑ እዚያ ጋ ይሰበራል፣ ጥቁር ነጥብ ይታያችኋል። ካያችሁ ቦርዱን መልሳችሁ አስቀምጡት። «ቀና ይደረጋል» ይላሉ፤ ይደረግና ይሽጡልኝ በሏቸው።

ፋን ስትገዙ ደግሞ ከኤልጂኤ 1150 እስከ 1200 ያሉት የብሎን ቀዳዳቸው እኩል ነው። 1700 ሰፋ ይላል፣ የድሮ ፋን አይገባበትም። ፕሮሰሰሩና ፋኑ መሃል የሚቀባውን ተርማል ፔስት አትርሱ። የሽንብራ ፍሬ ታህል ይበቃል፣ እንደ ቅቤ አትቀቡት።

ራም

ዲዲአር 3፣ 4 እና 5 ሥሩ ላይ ያለችው ክፍተት ቦታዋ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከጠበቀባችሁ አትግፉት። አጭሩ የላፕቶፕ ነው፣ ከዴስክቶፕ ጋር አይሄድም፤ ግልጽ ነው ብላችሁ አትሳቁ፣ በስልክ አዝዞ በሞተር ያስመጣ ሰው አውቃለሁ። የሰርቨር ራምም ገበያ ውስጥ አለ። መልኩ ከተለመደው ዲዲአር 4 አይለይም፣ ይገባል፣ ይረክሳል፣ የቤት ቦርድ ላይ ግን አይነሳም። ተለጣፊው ላይ ከፍጥነቱ ቁጥር አጠገብ የሰርቨር ምልክት ካለ ወይም ሻጩ «ከሰርቨር የወጣ ነው» ካለ ተዉት።

አንድ 16 ጊጋ ከምትገዙ ሁለት 8 ጊጋ ግዙ። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ ያ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል፣ ሁለት ራም ማለት ሁለት መንገድ ማለት ነው። ቦርዱ አራት ቀዳዳ ካለው ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ 2ኛው እና 4ኛው ላይ ሰኩ። 3200 ገዝታችሁ ኮምፒውተሩ 2133 ወይም 2400 ቢላችሁ ደግሞ አልተሸወዳችሁም፣ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ የሚለውን አብሩት። ቦርዱ የማይደግፈውን ፍጥነት ግን አይሰጣችሁም፤ ኤች310 ከ2666 በላይ አይሄድም፣ ለሱ ብላችሁ 3200 አትጨምሩበት።

ማጠራቀሚያ

ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥነውን ማጠራቀሚያ) ግዙ፣ 256 ጊጋም ቢሆን። ፊልሙን የድሮ ሃርድ ዲስክ ላይ አድርጉ። ችግሩ ኤም ዶት 2 የሚባለው ማስቲካ የመሰለው ነው፣ ሁለት ዓይነት ስለሆነ፤ አንዱ ሳታ፣ አንዱ ኤንቪኤምኢ። ቀዳዳቸው አንድ ይመስላል። አንዳንድ ቦርድ አንዱን ብቻ ይቀበላል፣ ኤች81 ደግሞ ቀዳዳው ራሱ የለውም። ግራ ከገባችሁ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ሁሉም ቦርድ ላይ ይሠራል።

ፓወር ሰፕላይ፦ እዚህ ላይ አትሰስቱ

ሰው ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ላይ ብሩን ይጨርስና ለፓወር ሰፕላይ የቀረችውን ሳንቲም ይሰጣል። መብራት ሄዶ በሚመጣበት፣ ሲመጣም ተንደርድሮ በሚመጣበት ከተማ!

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያክስቴ ልጅ ከኬዝ ጋር በነጻ የተሰጠውን ፓወር ሰፕላይ ገጠመ። ጀርባው ላይ አንዲት ቀይ ማንሸራተቻ አለች፣ 115 እና 230 የሚል። 115 ላይ ነበረች። እኛ የምንጠቀመው 220 ቮልት ነው። ዲቫይደሩ ላይ ሰካው፣ «ጧ!» አለ፣ ሳሎኑ የተቃጠለ ዓሣ ሸተተ፣ እናቱ ከጓዳ ወጥተው «ምን ፈነዳ?» አሉ። 115 ላይ ሆኖ 220 ሲገባበት ውስጡ ያለው ኮንደንሰር ከአቅሙ በላይ ይሞላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ዕቃ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በተለይ መጀመሪያ የምታዩት ይቺን ማንሸራተቻ ይሁን። ደህና ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ራሳቸው ይለያሉ፣ ማንሸራተቻም የላቸውም።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አትመኑ። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። 12 ቮልት ከሚለው ሥር ያለውን አምፔር በ12 አባዙት፤ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚበሉት ከሱ ነው። «600 ዋት» ተብሎ 12 ቮልቱ ላይ 18 አምፔር ካለው እውነተኛ ጉልበቱ 216 ዋት ነው። የቀረው ማስታወቂያ ነው። በእጃችሁም መዝኑት፣ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የቀለለ ከሆነ ውስጡም ባዶ ነው። ኤይቲ ፕላስ የሚል የምስክርነት ምልክት ያለውን ምረጡ፣ ምንም እንኳ እሱም ፎርጅድ ቢኖረውም።

ስንት ዋት ይበቃል? ግራፊክስ ካርድ ከሌላችሁ እውነተኛ 400 ይተርፋል። እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ ካርድ 75 ዋት ነው የሚበላው፣ እውነተኛ 400 አሁንም ይችለዋል። አርኤክስ 580 ግን ለብቻው 185 ዋት ይጠጣል፣ እዚህ 500 እና ከዚያ በላይ አስቡ።

ገመዶቹን ቁጠሩ። ለቦርዱ 24 ፒን፣ ለፕሮሰሰሩ 4 ወይም 8፣ ለካርዱ 6 ወይም 8። የፕሮሰሰሩ 8 እና የካርዱ 8 መልካቸው ይመሳሰላል እንጂ ሽቦአቸው ሌላ ነው፣ በግድ አታስገቡ። ያገለገለ፣ ገመዱ የሚነቀል ዓይነት ከገዛችሁ ደግሞ የራሱን ገመድ ተቀበሉ። የሌላ ብራንድ ገመድ ቢገባም ውስጡ ያለው አሰላለፍ ስለሚለያይ ሃርድ ዲስካችሁን ሊያቃጥል ይችላል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ) ስትገዙ 650 ቪኤ የሚለው 650 ዋት ማለት አይደለም። 390 ዋት ወይም ከዚያ በታች ነው፣ ከጀርባው ተጽፏል። ስክሪኑንም ደምሩበት። ለአምስት ደቂቃ አስቀምጣችሁ እንድታጠፉ እንጂ መብራት እስኪመጣ ፊልም እንድትጨርሱበት አይደለም።

ግራፊክስ ካርድ

ይህ ገበያ ውስጥ ያለ ትልቁ የሽወዳ ሜዳ ነው። የድሮ ካርድ ባዮሱ ተቀይሮ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ ይሸጣል። ዊንዶውስ ያምነዋል፤ ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ግን ስሙ ፊት ፎርጅድ መሆኑን ይጽፍባችኋል። ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ያዙት፣ ሱቅ ውስጥ አስከፍቱት። «አያስፈልግም ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው» ካላችሁ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ጂቲ 1030 ሁለት ዓይነት መሆኑንም እወቁ። ጂዲዲአር 5 ያለው ይሻላል፣ ዲዲአር 4 ያለው በጣም ይዘገያል፣ ስማቸው አንድ ነው። አርኤክስ 6400 ደግሞ ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም፣ ለደካማ ፓወር ሰፕላይ ይመቻል፤ ግን በአራት መስመር ብቻ ስለሚሠራ የካርዱ መሰኪያ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 የሆነበት የድሮ ቦርድ ላይ ፍጥነት ይቀንሳል። ኤች310 ላይ እሱን ከማስገባት ያገለገለ ጂቲኤክስ 1650 እመርጣለሁ።

የካርዱን ርዝመት በሚሊሜትር፣ ኬዙ የሚያስገባውንም በሚሊሜትር አወዳድሩ። ሜትር የላችሁም? ልብስ ሰፊ አያጣችሁም።

ኬዝ ላይ ብዙ አልልም። ትንሹ ማይክሮ ኤቲኤክስ ቦርድ ትልቅ ኬዝ ውስጥ ይገባል፣ ትልቁ ትንሹ ውስጥ አይገባም። ፊቱ በመስታወት የተደፈነውን ተዉት፣ አየር ይፈልጋል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋን እንደ ቆላው አየር አይገፋም፤ ደግነቱ ብርድ ነው። አቧራው ግን ምሕረት የለውም፣ በየመንገዱ ቁፋሮ ባለበት ጊዜ በተለይ። ወንፊት ያለው ኬዝ ግዙ።

እኔ ብሆን ምን እገዛለሁ?

አዲስ ከሆነ አይ3-12100፣ ኤፍ የሌለው፣ ዲዲአር 4 ከሚወስድ ኤች610 ጋር፣ ሁለት 8 ጊጋ፣ አንድ ኤንቪኤምኢ፣ እውነተኛ 450 ዋት። ግራፊክስ ካርዱን ስታገኙ ትጨምራላችሁ። ካርድ ጨርሶ የማትገዙ ከሆነና ጌም ካለበት 5600ጂ ከኤ520 ወይም ከቢ550 ጋር ይሻላል፣ ውስጡ ያለው ግራፊክስ ከኢንቴሉ ይበረታል፣ ፋኑም ከካርቶኑ ጋር ይመጣል።

ያገለገለ ከሆነ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ባልወርድ ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን ማደስ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ እና ከራይዘን 2000 ጀምሮ ነው። ኪሳችሁ 4ኛ ጀነሬሽን ብቻ ከቻለ ግን አትፈሩ፤ ኤች81፣ 8 ጊጋ ዲዲአር 3፣ ሳታ ኤስኤስዲ፣ በዊንዶውስ ፈንታ ደግሞ ነጻው ሊነክስ ሚንት። የእህቴ ልጅ በዚህ ማትሪክ ተዘጋጅታበታለች።

ሱቅ ስትገቡ

ዝርዝሩን በወረቀት ያዙ፣ ሙሉ የሞዴል ስሙን። «ቢ450» በቂ አይደለም። ሠሪው ድረ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ቦርድ የሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር አለ፣ የትኛው ባዮስ እንደሚያስፈልግም ጭምር ተጽፏል፤ ሻጩ ፊት ቆማችሁ በስልካችሁ ክፈቱት። እኔ ያንን ሁለት ደቂቃ ብሰጠው ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከዚያ ኬዝ ውስጥ ሳይገባ ጠረጴዛው ላይ ያብሩላችሁ። ቦርዱን ካርቶኑ ላይ አስቀምጡ፣ ፕሮሰሰር፣ ፋን፣ አንድ ራም፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ስክሪን። ማብሪያ ቁልፍ የለም፣ አያስፈልግም፤ የማብሪያዎቹን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት ማነካካት ነው። ባዮሱ ሲመጣ የፕሮሰሰሩን ስምና የራሙን መጠን በአይናችሁ አንብቡ። ሁለተኛውን ራም ጨምሩ፣ እንደገና አብሩ። ከዚያ ብሩን በቴሌብር ላኩ፣ ቀድማችሁ አይደለም። ደረሰኙ ላይ የዋስትናውን ጊዜና የዕቃውን መለያ ቁጥር በእጁ ያጽፍላችሁ። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ ቀጣዩ በር ጊዜ ያለው አለ።

እኔ በመጨረሻ ኤች310 ገዝቼ ነው አይ5-8400ዬን ያስነሳሁት። እስካሁን ይሠራል፣ ይህንንም የምጽፈው በሱ ነው። ኤች110 ግን ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ የ6ኛ ወይም የ7ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር ይዛችሁ ቦርድ ያጣችሁ ካላችሁ፣ በርቶ አይታችሁ ትወስዱታላችሁ።